አምሳል ጠፍጣፋ ጀልባ የገዛችበት ቂም

በፎገራ፣ በቁሐር ሚካኤል ቂም ያልያዘ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አንዱ በሩዝ ማሳ ድንበር ይይዛል፣ አንዱ ሰርግ ሳልጠራ ቀረሁ ብሎ ይይዛል። አለኸኝ የሚባለው ሰውዬ እንኳ ጎረቤቱ በቅሎውን አይቶ «ይቺ አህያ ያንተ ናት?» ስላለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ጎረቤት ደጅ አያልፍም። ዙሮ ነው የሚሄደው፣ ያውም በክረምት ጭቃ። ግን እንደ አምሳል ቂም የያዘ ከጉማራ አፍ እስከ ይፋግ ገበያ አልተፈጠረም። ተፈጥሯል የሚል ካለ እሱም ቁጭ ብሎ ያውራ፣ እንሰማዋለን። ወሬ ማውራት ግን ለሁሉም አልተሰጠም።

አምሳል ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ የእናቷም እናት። ገንቦዋ ወረታ ቢሉ ወረታ፣ ይፋግ ቢሉ ይፋግ የታወቀ ነው፤ ውሃ ሲይዝ ያቀዘቅዛል፣ ጠላ ሲይዝ አያንጠባጥብም። ገንቦዋን ሁሉም ቤቱ ያስገባል፤ እሷን የሚያስገባት ጥቂት ነው። እሷ ስታልፍ ልጇን በነጠላ የምትሸፍን ሴት አለች። ሸፍና ስታበቃ ታዲያ፣ ያንኑ ልጅ ከአምሳል ገንቦ ውሃ ቀድታ ታጠጣዋለች። እንዲህ ያለ ጉድ ነው።

ባሏ እንግዳው ዓሣ አጥማጅ ነው። በደንገል ታንኳ ነበር የሚያጠምደው፤ ቃል የሚያልቅበት ይመስል ትንሽ ትንሽ ነው የሚናገር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ መሲ።

ደብሬ ደግሞ ባለሞተር ጀልባው ነው። ያን ጊዜ በሰፈሩ ሞተር ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሆደ ጥልቅ፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ሰማያዊ የተቀባች ጀልባ ናት። ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጠፋ፣ ሰውንም ዓሣውንም በጉማራ ወንዝ ሽቅብ ይዞ አስፋልቱ ካለበት ድልድይ ያደርሳል፤ ከዚያ ወረታ ቅርብ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ዓሣው ሳይበላሽበት ለሱ ነው የሚሸጥ፣ እሱ በጠራው ዋጋ። ሰውዬው አፉ ሰፊ ነው። እሱ ያለበት ቦታ ሌላ ሰው ማውራት አይችልም፤ ይኸን ያህል የሚያወራ ሰው ደግሞ ደስ አይልም።

አንድ ክረምት፣ በነሐሴ፣ ጉማራ ዳርቻውን ጥሶ ሜዳውን ሸፈነው። የሩዙ ጫፍ ብቻ ነበር የሚታየው። መሲ ምጥ ያዛት። እናትና አባቷ ደግፈው እስከ ደብሬ ጀልባ ድረስ አመጧት። ጀልባው ላይ ሰው ነበረበት፣ ግን ቦታም ነበረው። ደብሬ መሲን አየ፣ አምሳልን አየ።

«አይሆንም» አለ። «ጀልባዬን የሸክላ ሠሪ ደም ከነካው ዓሣ ይሸሸኛል።»

«ልጅ እኮ ናት፣ ደብሬ» አለው እንግዳው። ለእንግዳው ይኸ ረጅም ንግግር ነው።

«ታንኳ አለህ አይደል?» አለና ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሣ። ተሳፋሪው ሁሉ ውሃ ውሃውን ያይ ጀመር። 

በታንኳ ሄዱ። ሜዳውን አቋርጠው፣ አንለይ የሚባለው ገበሬ ማሳ መሀል ያለችው ሾላ ሥር ሲደርሱ፣ ታንኳው ከብዶት ሩዝ ውስጥ ተይዞ ቆመ። ልጁ እዚያ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። መሲ ዳነች። በዚህ ላይ ሌላ አይጨመርበትም።

አምሳል ለቅሶ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ለባሏ እንዲህ አለችው፦ «ደብሬን እዚያች ሾላ ሥር አቆመዋለሁ። ያለውን ቃል ለልጄ ፊት ለፊት ይደግምላታል።»

«እንዴት አርገሽ?»

«በጀልባ።»

«እሱ ጀልባ አለው።»

«የሱ ጀልባ እዚያ አይገባም» አለች።

እውነቷን ነው። ይኸን ለማወቅ የፎገራን ውሃ ማወቅ ያስፈልጋል። የፎገራ ውሃ የሚለካው በላም ነው። እስከ ላም ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ላም ጉልበት፣ እስከ ላም ሆድ፣ ቀንዷ ብቻ የሚታይበት። ላሟ ታዲያ የፎገራ ላም ናት፤ ውሃ ውስጥ ቆማ ሣር የምትበላ፣ ትንኝ የማትፈራ፣ ወተቷ የትም የማይገኝ። ደጋ ወጥታችሁ የዚያን አገር ላም ያያችሁ እንደሆን ፍየል ነው የሚመስላችሁ። ነገራችን ሳይበላሽ፣ የደብሬ ጀልባ እስከ ላም ሆድ ያለ ውሃ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ከወንዙ አትወጣም። ሾላዋ ሥር ያለው ውሃ በደህና ክረምት እንኳ ከላም ጉልበት አይበልጥም።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ካላት ትንሽ ሩዝም፣ ከሸጠቻቸው ወይፈኖችም፣ ከገንቦውም መጣ። ክረምትና በጋ ቆጥባ ቆይታ፣ በሰኔ ባሏንና ልጇን ይዛ ባሕር ዳር ወረደች።

ጀልባ የሚሠራበት ግቢ ሐይቁ ዳር ነው። ጀልባው ሁሉ ሊደርቅ እንደተደፋ ድስት ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተደርድሯል። የግቢው ባለቤት ቻላቸው ይባላል፤ ሳቂታ ሰው ነው፣ እጁ ሁልጊዜ ቀለም አለው።

አምሳል ሰላምታ ሰጠችና አንድም ቃል ሳትጠይቅ የመጀመሪያውን ጀልባ በጣቷ አንጓ ቆረቆረችው። ጆሮዋን አስጠጋች። ሁለተኛውን ቆረቆረች። ሦስተኛውን። ፊቷ እየጠቆረ መጣ።

«ሰውዬ» አለችው፣ «እነዚህ ሁሉ ተሰንጥቀዋል።»

«የት ላይ?» አለ ቻላቸው ደንግጦ።

«እኔ እንጃ የት ላይ እንደሆነ። ድምፁ ነዋ። ደህና ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ይኸ እንደ ዱባ ነው። የተሰነጠቀ ልትሸጥልኝ ነው?»

ቻላቸው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እትዬ፣ ይኸ ሸክላ አይደለም እኮ። ፋይበር ነው። ጨርቅና ሙጫ እየተደራረበ ነው የሚሠራ፤ ደህናውም እንዲሁ ነው ድምፁ።»

«ደህናውና የተሰነጠቀው አንድ ድምፅ ካላቸው ታዲያ አንተ በምን ታውቃለህ?»

«እኔማ ሠርቼዋለሁ።»

«እኔም ገንቦ ሠርቼ አውቃለሁ። የሰው ዓይን እያየ የሚሰነጠቅ አለ።»

እንግዳው ወደ ሰማይ አየ። ቻላቸው እንደሚያለቅስ ሕፃን ሊያባብላት ሞከረ፣ አንዱን ገልብጦ ውሃ ሞላበትና አንዲት ጠብታ እንደማያፈስስ አሳያት። አየች፤ አላመነችም። እስከ ዛሬም አታምንም። ፋይበር ጀልባ ሲያልፍ ካየች «ይቺ ምስኪን ቀኗን ነው የምትጠብቅ» ነው የምትል። ስለ ሸክላ የምታውቀውን ያህል ስለ ፋይበር አታውቅም፤ እውነት ነው። ግን ንገሯት፤ ከደፈራችሁ።

ወደ ግቢው ጥግ ስትሄድ አንዲት ጠፍጣፋ፣ ቀለም ያልተቀባች የአሉሚኒየም ጀልባ አገኘች። ቆረቆረቻት። ጮኸች። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ቀና አለ።

«ይቺ!» አለች አምሳል።

«እሷ ለጥልቅ ውሃ አትሆንም» አለ ቻላቸው። «ሆድ የላትም፣ ታች ገበታ ናት። ሐይቁ መሀል ማዕበል ከመጣ ትመታሻለች፣ ወገብሽን ነው የምትሰብረው። ጥልቀት ለሌለው ውሃ፣ ለእርሻ ጎርፍ፣ ለሣር ውስጥ ግን እንደሷ የለም።»

«ስንት ውሃ ላይ ትሄዳለች?»

ቻላቸው በእጁ ስንዝር ለካ። «ሰው ጭናም ከዚህ በላይ ውሃ አትፈልግም።»

አምሳል ወደ እንግዳው ዞረች። «ላም ቁርጭምጭሚት ነው።»

«ትንሽ ከፍ ይላል» አለ እንግዳው።

ጀልባው በዚህ አለቀ። ሞተሩ ነው ጭቅጭቅ ያመጣ።

ቻላቸው ሞተሮቹን ደርድሮ ሲያሳያት፣ አምሳል ዓይኗ ትልቁ ላይ ቀረ። ጥቁር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሰው የሚያክል ነው።

«ይኸ ስንት ነው ጉልበቱ?»

«አርባ ፈረስ።»

«ደብሬ የሚባል ሰው አለ፣ ሰማያዊ ጀልባ አለው። የሱ ስንት ነው?»

«ሰማያዊዋን አውቃታለሁ፤ ሃያ አምስት ናት።»

«እንግዲያው አርባውን ስጠኝ።»

«እትዬ አምሳል፣ ይኸን እዚያች ጠፍጣፋ ላይ ብሰቅለው ኋላዋ ይሰጥማል፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። ደግሞም እግሩን እይው፣ ረጅም ነው። ጀልባዋ በላም ቁርጭምጭሚት ትሄዳለች፣ የሞተሩ እግር ግን ጭቃ ያርሳል። ላንቺ የሚሆን ያ ትንሹ ነው፣ ስምንት ፈረስ፣ እግሩ አጭር።»

«ስምንት? ለስምንት ብዬ ነው ወይፈን የሸጥሁ? ደብሬ ሲያልፈኝ እየሳቀ ነው የሚያልፍ። ድምፁን እንኳ አይሰማው!»

«ሊሰማው ነው ወይስ ሊሄድልሽ የምትገዢው?»

«ሊሰማው!» አለች። እውነቷን ነበር። ስታስበው የኖረች ይኸንኑ ነው፤ ደብሬን በወንዙ ላይ በነጎድጓድ አልፋው ስትሄድ፣ ሞገዷ ጀልባውን ሲንጠው፣ ያ ሰፊ አፉ ውሃ ሲሞላ። ሌሊት ሌሊት ይኸን እያየች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

መሲ እስከዚያ ድረስ በር ላይ ቆማ ነበር። ያ ነገር ከደረሰባት ወዲህ ብዙ አትናገርም፤ በአባቷ ወጣች ይሉ ነበር ሰዎች። መጥታ ትንሹን ሞተር እግሩን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው፣ ታጠፈላት። መለሰችው። እንደገና አነሣችው።

«እማ፣ ሾላዋ ሥር ውሃው ጉልበት ነው» አለች።

አምሳል ዓይኗን ከትልቁ ሞተር ላይ አነሣች። 

«ወንዙ ላይማ ብታልፊው ምን ይሆናል?» አለች መሲ። «ነገ እሱ ያልፍሻል። እኔ ሾላዋ ሥር ነው የምፈልገው።»

ትንሹን ገዙ። አይሱዙ ላይ ጭነው ጉማራ ድልድይ ሲያራግፉት፣ ደብሬ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበርና አየ። ጮክ ብሎ ሳቀ።

«እትዬ አምሳል! ሰፌድ ነው እንዴ የገዛሽ? ሩዝ ልታበጥሪበት ነው?»

«ያየነውን እናበጥርበታለን» አለችው። ሳቋን እንኳ አልነፈገችውም።

ሐምሌ ገባ፣ ውሃው ወጣ። መሲ ሞተሩን ለመደችው፤ እንቦጭና ሣር ሲመጣ እግሩን ታነሣለች፣ እንግዳው ከፊት ሆኖ በዘንግ ይገፋል፣ ውሃው ሲጠራ ትመልሰዋለች። በሩዙ መሀል መረብ ጣሉ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ በጎርፍ ጊዜ ከወንዝ ወጥቶ ማሳ ውስጥ ነው የሚገባ፤ ደብሬና ጓደኞቹ ወንዝ ላይ ሲደክሙ እነሱ እንደ ጎመን ከማሳ ይለቅሙት ጀመር። እንዴት ያለ አምባዛ መሰላችሁ! የአንዱ ጢም ብቻ ለአጥር ማሰሪያ ይሆናል።

ተሳፋሪው ግን መጀመሪያ አልመጣም። «የሸክላ ሠሪ ጀልባ» ብሎ ሸሸ። ደብሬ ሰውን ወንዝ ዳር ነው የሚያወርደው፣ ከዚያ እስከ ቤቱ በጭቃ ነው። አምሳል ከደጅ ታደርሳለች። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያወርደው፣ ትሩፋት የምትባል አሮጊት ዱቄቷን ታቅፋ ወንዙ ዳር ቆማ አሰበች፣ አሰበችና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

«እግሬን ጭቃ ከሚበላኝ ቡዳ ይብላኝ» አለች።

«አንቺን? አጥንትሽ ብቻ ነው የቀረ፣ ምኑ ይበላል?» አለቻት አምሳል።

አሮጊቷ እስክትደርስ ሳቀች። በማግሥቱ ሌሎች መጡ። ነሐሴ ሲጋመስ ደብሬ ባዶ ጀልባ ይነዳ ጀመር፤ ዓሣ አጥማጁም ዓሣውን ለአምሳል ማስጫን ጀመረ። ይኸ ለሌላ ሰው በቂ በቀል ነው። ለአምሳል ግን ገና ቆሎ ነበር።

መስከረም ላይ ውሃው መጉደል ሲጀምር፣ አምሳል ጠዋት ጠዋት በደብሬ ዓይን ሥር በቀስታ እያለፈች፣ ከወንዙ ወጥታ ወደ አንለይ ማሳ ትገባ ጀመር። ስትመለስ ጀልባዋ እስከ አፏ በአምባዛ ሞልታ ነው፤ ደብሬ አጠገብ ስትደርስም አንዱን ብድግ አድርጋ ታሳየዋለች። ሰላምታ አትሰጥም፣ ዓሣውን ብቻ ነው የምታሳየው። ማሳው ድንበር ላይ ከውሃው ሥር የተቀበረ የአፈር ክምር አለ። እሷ ታውቀዋለች። የደብሬ ጀልባ ሆድ አያውቀውም።

አንድ ጠዋት ደብሬን አላስቻለውም። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከወንዙ ዘሎ ሜዳው ውስጥ ተከተላት። እውነቱን ለመናገር ሲመጣ ያምር ነበር። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ጀልባዋ አፈሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ የሞተሩ መቅዘፊያ ተሰብሮ እንደ ወፍ በረረ። ደብሬ ከፊት ወደቀ።

አምሳል ዞራ አላየችም። መሲ አየች።

ሰው ወጣ፣ ገፋ፤ ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። በሬ እንዳይጠምዱ፣ ጭቃው በሬ ይውጣል። ታንኳ አይጎትታት። ውሃው ደግሞ በየቀኑ ይጎድላል፤ ከጎደለ ጀልባዋ እስከ መጪው ክረምት እዚያው ናት፣ ፀሐይም ይፈጃታል። እዚያ ድረስ ገብቶ ሊጎትት የሚችል አንድ ሞተር ብቻ አለ፣ እሱም የመሲ እጅ ላይ ነው።

ደብሬ የነፍስ አባቱን አባ ገብረ ሐናን ላከ። ሰውዬው ደግ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በዕድሜያቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ ብዙዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አስታርቀዋል።

«ልጄ አምሳል» አሏት፣ «ሰውዬው ተዋርዷል። ጀልባው ዘንድ ይዘሽው ሂጂና በገመድ ውሃው ላይ አውጪለት።»

«አባ፣ እርስዎ ካሉማ አሳፍረዋለሁ» አለች።

«እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ ታረቃችሁ።»

«እታረቃለሁ አላልሁም አባ። አሳፍረዋለሁ ነው ያልሁዎት። እርስዎም አብረው ይምጡ።»

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሄዱ። እንግዳው ዘንጉን ይዞ ከፊት፣ አባ ገብረ ሐና መሀል፣ ደብሬ አጠገባቸው፣ አምሳል ከነሱ ፊት ለፊት፣ መሲ ሞተሩ ዘንድ። ደብሬ ሲገባ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ቸግሮት ነበር። ሰው ከየማሳው ቀና ቀና እያለ ያያል።

ሾላዋ ሥር ሲደርሱ መሲ ሞተሩን አጠፋች። እግሩን አነሣችው።

«ነዳጅ አለቀ?» አለ ደብሬ።

«ደረስህ» አለችው አምሳል።

«ጀልባዬ እኮ ወዲያ ነች፣ እትዬ አምሳል።»

«ውረድ።»

አባ ገብረ ሐና «ልጄ» ብለው ጀመሩ። እንግዳው እጃቸውን ያዝ አደረጋቸው። እንግዳው የቄስ እጅ ይዞ አያውቅም።

ደብሬ ወረደ። ውሃው ጉልበቱን አላለፈም፣ ጭቃው ግን እግሩን ያዘው። ያ ትልቅ ሰውዬ አነሰ።

«የልጄ ልጅ የተወለደ እዚህ ነው» አለችው አምሳል። «ያን ቀን ያልኸውን አሁን ለሷ ንገራት። እኔን አትይ፤ እሷን እይ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ደብሬ።

«ይቅርታ አላልህም ያን ቀን። ያልኸውን በል።»

 ለመናገር ተቸግሮ የማያውቅ ሰው ነው። በመጨረሻ ውሃውን እያየ፣ «የሸክላ ሠሪ ደም ከነካው ዓሣ ይሸሸኛል አልሁ» አለ።

«አልሰማሁም» አለች መሲ።

ቀና ብሎ፣ ፊቷን እያየ ደገመው።  አባ ገብረ ሐና መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያን ቃል ከዚያ በፊት አልሰሙትም ነበር፣ ሲልካቸው አልነገራቸውም።

አምሳል ወደ ልጇ ዞረች። «ጀልባውን እንጎትትለት?»

መሲ ደብሬን አየችው። ከዚያ ሞተሩን ወደ ውሃው መለሰች።

«ተይ እማ» አለች። «ዓሣ ይሸሸናል።»

ገመዱን ሳበች። ደብሬ እዚያው ሩዝ መሀል ቀረ፤ ጫማውን ጭቃው ወስዶበት በባዶ እግሩ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ ቤቱ በውሃ ሄደ።  አባ ገብረ ሐና ሲወርዱ «እኔን ማሳፈርሽስ ለምን ነበር?» አሏት።

«እንዲሰሙት ብዬ ነው፣ አባ።»

ውሃው ጎደለ። ሩዙ ታጨደ። አንለይ ማሳዬን ያዘብኝ እያለ እየተነጫነጨ፣ በሰማያዊዋ ጀልባ ዙሪያ አርሶ ጓያ ዘራ። ከብቱ ወደ ሜዳው ሲወርድ ላሞቹ ወደዷት፤ ጎናቸውን ያክኩባታል፣ ቀለሟ የለቀቀው በዚያ ነው። ደብሬ አልፎ አልፎ ይመጣና ዞር ዞር ብሎ አይቷት ይሄዳል።

አንድ ቀን እንግዳው መረብ እየጠገነ፣ «ክረምት ሲመጣ ታወጫለታለሽ?» አላት።

አምሳል ጭቃዋን ትረግጥ ነበር። እግሯን አላቆመችም።

«መሲን ጠይቃት» አለችው።